ቫይረሱ ያልበላውን እኛ ፎርማት አደረግነው

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ የቤቴ ኮምፒውተር ቫይረስ ገብቶበታል። ሠሪው ፎርማት ካልተደረገ አይድንም አለኝ። የልጆቼ ፎቶ በሙሉ እዚያ ላይ ነው። የትኛውን አንቲቫይረስ ብጭን ይሻላል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰላምታ አስቀድሜ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቄ ነበር የምመልሰው። ያን ቀን ግን «ማንም እንዳይነካው! ሳልደውልልህ ፎርማት እንዳታስደርግ» ብዬ ወዲያው ስልኬን አነሳሁ። እሱም ደንግጦ «ምነው ቲቸር፣ በደህና?» አለኝ። በደህና አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ዛሬ ለሁላችሁም ላውጋችሁ። ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሰፈሬ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ነው። ድልድዩን በየቀኑ የሚሻገረው ሰው ስሙን ይጠራል እንጂ ማን እንደነበሩ እምብዛም አይጠይቅም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ የአጼ ምኒልክ የጦር ሚኒስትር፣ በ1919 ዓ.ም. ያረፉት፣ የፈረስ ስማቸው «አባ መላ» ነው። መላ አዋቂ፣ ዘዴኛ ለማለት። እኔም የታሪክ መምህር ሆኜ ሳስተምር «ልጆች፣ የሰፈራችሁን ታሪክ ከሽማግሌ አፍ ሰብስቡ» እያልኩ ስመክር ኖሬ በ2002 ዓ.ም. ራሴ ጀመርኩት። አንዲት ትንሽ የድምፅ መቅጃ ገዛሁና በየቤቱ ዞርኩ። በአንድ ዓመት ውስጥ የአስራ አንድ ሰው ድምፅ ቀዳሁ።

ከነሱ መካከል ገበያው ከአራዳ፣ ከጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ በጣልያን ጊዜ ወደ አሁኑ መርካቶ ሲዛወር በልጅነታቸው ያዩ አዛውንት ነበሩ። ስለ ሰገሌ ጦርነት ከአባታቸው የሰሙትን የሚያወጉም ነበሩ። አባ መላ ለንጉሥ ሚካኤል የወዳጅ የሚመስል ደብዳቤ እየላኩ ጊዜ ገዙ የሚባለውን ወሬ እየሳቁ ነው የነገሩኝ። ይህን ደብዳቤ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። አንዲት እናት ደግሞ ነበሩ፣ የ1911ዱን የኅዳር በሽታ እናታቸው እንዴት እንደነገሯቸው ያወጉኝ። ቀባሪ ጠፍቶ ሰው በየቤቱ የቀረበትን ጊዜ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው ለዚያ መታሰቢያ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኚህ እናት ግን «ልጄ፣ ጭሱ በሽታውን አላባረረውም፤ ሰው ነው ከሰው የሸሸው» ብለው ነበር። ይህችን አንዷን አረፍተ ነገር ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌያት ስለነበር ነው ዛሬ የማስታውሳት።

ሌላው ሁሉ የለም።

እንዲህ ሆነ። በ2003 ዓ.ም. የፈተና ወረቀት ላስባዛ ፍላሼን ይዤ ከድልድዩ አቅራቢያ ወደ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። አስባዝቼ ወጣሁ። ማታ ቤት ፍላሹን ኮምፒውተሬ ላይ ስሰካው ፎልደሮቼ በሙሉ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ሆነዋል። አንዱን ከፈትኩት። በማግስቱ የኮምፒውተሩ ሁለተኛው ድራይቭም እንዲሁ ሆነ። «ሽማግሌዎች» ብዬ የሰየምኩት ፎልደር ሁለት ኪሎባይት ሆኖ ቁጭ ብሏል። አስቡት፣ የአስራ አንድ ሰው ዕድሜ ሁለት ኪሎባይት!

ሲፒዩውን ተሸክሜ ወደ አንድ ሠሪ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፣ እሱም ያኔ የሚያውቀውን ነው ያደረገው። «ጋሼ፣ ቫይረሱ በልቶታል። ፎርማት ካልተደረገ አይጠፋም» አለኝ። «ሁለቱንም ድራይቭ?» አልኩት። «ሁለቱንም» አለ። እሺ አልኩ። አዲስ ዊንዶውስ ጫነልኝ፣ በደግነቱም ባዶውን ድራይቭ በፊልም ሞላልኝ። ከፍዬ፣ አመስግኜ ወጣሁ። አዎ፣ አመስግኜ!

በ2005 ዓ.ም. አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የሆነ የቀድሞ ልጄ ቤቴ መጣ። ጎረቤት ያመጣው ፍላሽ እንዲያው በሾርትከት ተሞልቶ አየ። ጥቁሩን መስኮት ከፈተ፣ «አትሪብ» የምትል አንዲት ትእዛዝ ጻፈ፣ ኢንተር ተጫነ። ፎልደሮቹ በሙሉ ከነልጆቻቸው ብቅ አሉ። «ምን አደረግክ?» ስለው «ቲቸር፣ ይሄ ቫይረስ እኮ ፋይል አይበላም። ይደብቅና በቦታው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትከፍተው ፋይልህንም ይከፍትልሃል፣ ራሱንም ያስነሳል። እኔ መደበቂያውን ነው የገለጥኩት» አለኝ።

ዝም አልኩ። ልጁ የደከመኝ መስሎት ነበር።

ያን ጊዜ የገባኝ ይህ ነው፤ ድምፆቹ አልጠፉም ነበር። ሲፒዩውን ተሸክሜ ድልድዩን ስሻገር አስራ አንዱም ሰዎች እዚያው ውስጥ ነበሩ። ፎርማት ከተደረገ በኋላ እንኳ ተስፋ ነበረው። ፈጣን የሚባለው ፎርማት የመዝገቡን ማውጫ ነው የሚያጠፋው እንጂ ገጾቹን አይቀድም፤ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት በማዳኛ ፕሮግራም ብዙውን መመለስ ይቻላል። እኔ ግን ላዩ ላይ ፊልም ተጭኖበት በደስታ ሳይ ከረምኩ። ተመልሼ ሽማግሌዎቹን ልጠይቅ ስል ከአስራ አንዱ ሰባቱ አርፈዋል። የኅዳር በሽታዋ እናትም ከነሱ አንዷ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ይህን የቫይረስ ነገር እንደ ታሪክ ሰው መከታተል ጀመርኩ። ከየት መጣ? እንዴት ደረሰን? ለምንስ እኛ ዘንድ እንዲህ ጠናብን? ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ዓለምን የዞረው የመጀመሪያው የፒሲ ቫይረስ የተጻፈው እንደኛ ባለ የንግድ ከተማ፣ በፓኪስታን ላሆር፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። የጻፉት ባሲት እና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የሚባሉ ወንድማማቾች የኮምፒውተር ሱቅ ነበራቸው። «ብሬይን» አሉት። የሚገርመው ቫይረሱ ውስጥ ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልካቸውን ጽፈው ነበር! እነሱ እንደሚሉት ዓላማቸው የሠሩትን የሕክምና ፕሮግራም ያለፈቃድ የሚገለብጡ ሰዎችን ለመያዝ ነበር። በኋላ ግን ከሩቅ አገር ሁሉ «ኮምፒውተሬን ምን አደረጋችሁት?» የሚል ስልክ ይጎርፍላቸው ጀመር። ያኔ በይነመረብ በየቤቱ አልገባም። ቫይረሱ የሄደው በፍሎፒ ዲስክ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው።

መድኃኒቱም ብዙ አልዘገየም። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ ጆን ማካፊ ኩባንያውን አቋቋመ። በዚያው ዓመት በቼኮዝሎቫኪያ ኖድ የሚባለው ተጻፈ፤ ስሙ ያኔ በአገሩ ይወደድ በነበረ የሆስፒታል ተከታታይ ድራማ ላይ የተቀለደ ሲሆን «በዲስክ ጫፍ ላይ ያለ ሆስፒታል» ማለት ነው። በ1988 ፕራግ ላይ የአቫስት መነሻ ተጀመረ። በ1989 ደግሞ ዩጂን ካስፐርስኪ የተባለ ሩሲያዊ ኮምፒውተሩ ላይ ፊደሎችን እንደ ቅጠል ወደ ታች የሚያረግፍ ቫይረስ አግኝቶ ማጥናት ያዘ። እኛ በየሱቁ በሲዲ የምናውቃቸው ስሞች ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው።

ወደ እኛ እንምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት ውድና ዘገምተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2000 «እወድሃለሁ» በሚል ኢሜይል ዓለምን ያመሰው ቫይረስ ሲመጣ ከኛ ስንቱ ኢሜይል ነበረው? በዚያ በኩል ድህነታችን ጠብቆናል ማለት ይቻላል። ግን ኔትወርካችን ሌላ ነበር፤ እሱም ፍላሽ ነው።

ግዕዝ መጻፊያው በፍላሽ፣ መዝሙሩ በፍላሽ፣ ፊልሙ በፍላሽ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ በፍላሽ። አንድ ፍላሽ በአንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ተነሥቶ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አድሮ፣ ሙዚቃ መጫኛ ቤት ጎራ ብሎ፣ መሥሪያ ቤት ገብቶ ይወጣል። ታዲያ የዚያን ጊዜው ዊንዶውስ ኤክስፒ አንድ ክፉ ልማድ ነበረው። ዲስክ ሲሰካ «አውቶራን» የምትባለውን ትንሽ ፋይል ፈልጎ በውስጧ የተጻፈውን ይፈጽማል። ይህ የተፈጠረው ሲዲ ስናስገባ ፕሮግራሙ ቶሎ እንዲነሣልን፣ ለምቾት ነበር። የቫይረስ ጸሐፊዎች ደግሞ በዚያችው በር ገቡ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2008 ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር ኮምፒውተር የያዘው ኮንፊከር ከመንገዶቹ አንዱ ይኸው ፍላሽ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ጸሐፊውን ለጠቆመ 250,000 ዶላር እሰጣለሁ እስከማለት ደረሰ። ኩባንያው በነባሮቹ ዊንዶውሶች ላይ ያችን በር በዝማኔ የዘጋው በ2011 ነው።

አስተውሉ፤ በሩ ሲዘጋ ቫይረሱ ሞተ? አልሞተም። «ኮምፒውተሩ ራሱ ካልከፈተልኝ ሰውየው ይከፍትልኛል» አለና ሾርትከት ሆኖ መጣ። የኔን ቤት ያንኳኳው እሱ ነው። የከፈትኩለትም እኔው።

ሌላው የኛ ጉድ መድኃኒቱ ራሱ ነው። አንቲቫይረስ በየቀኑ ካልታደሰ አዲሱን በሽታ አያውቀውም። ለማደስ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ደግሞ አልነበረንም። ስለዚህ ከኢንተርኔት ቤት ዝማኔውን በፍላሽ እንቀዳ ነበር። መድኃኒቱ የሚመጣው በሽታው በሚመጣበት ዕቃ ነበር ማለት ነው! ከዚህ የባሰው ክራኩ ነው። የስንት ዶላር አንቲቫይረስ በሃያ ብር ሲዲ እንገዛ ነበር። ሲዲው ውስጥ ያለው ማስታወሻ ምን ይላል? «ክራኩን ከመክፈትህ በፊት አንቲቫይረስህን አጥፋ።» ዘበኛህን አስተኝተህ በሩን ክፈትልኝ እንደማለት ነው። እኛም እሺ ብለን እናጠፋለን። የተሰረቀ ዘበኛ የማንን ቤት ይጠብቃል?

ክራክ የሆነ ዊንዶውስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝማኔው ተዘግቶ ነው የሚጫነው፣ «እንዳይነቃበት» ተብሎ። የዚህን ዋጋ ዓለም ያየው ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ዋናክራይ የሚባለው፣ ፋይል ቆልፎ 300 ዶላር በቢትኮይን የሚጠይቀው ተለቀቀ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሥራ አቁመው ቀጠሮ ሰረዙ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ዝማኔ ግን ሁለት ወር አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። የተጎዳው በአብዛኛው ያላዘመነው ነው።

አሁን ያችን የአባ መላን ደብዳቤ አምጡልኝ። ወዳጅ መስሎ የሚመጣ መልእክት ከሁሉም ይከፋል። ይህን ደግሞ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ እኛ ኢትዮጵያውያን ቀምሰነዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ፕሮግራም አገኘ፤ ማጥመጃው የግንቦት 7 አባላት ፎቶ ነበር፣ የሚላላከውም ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር። በታኅሣሥ ወር 2013 የኢሳት ጋዜጠኞች ጽሑፍ የሚመስል ፋይል ተላከላቸው፤ በውስጡ የጣልያኑ ሃኪንግ ቲም የሠራው መሰለያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የዚያ ኩባንያ ኢሜይሎች ራሳቸው ተዘርፈው ሲወጡ ከደንበኞቹ አንዱ የኢትዮጵያ መንግሥት መሆኑ ታየ። በ2017 ደግሞ የፍላሽ ማጫወቻ ዝማኔ መስሎ የሚመጣ ሌላ መሰለያ በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ላይ መሰማራቱን ይኸው ሲትዝን ላብ አጋለጠ። አንድ ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ «ኪዳኔ» በሚል ስም አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሶ፣ በመጋቢት 2017 የውጭ መንግሥት በዚህ አይከሰስም ተብሎ ጉዳዩ ተዘጋ።

ይህን የማነሣው ለፖለቲካ አይደለም። አንድ ነገር እንዲታያችሁ ነው። ከላሆር ወንድማማቾች ፍሎፒ እስከ መንግሥታት መሰለያ፣ መንገዱ አንድ ነው፤ የምናምነው ሰው ያቀበለን የሚመስል ነገር። የጎረቤት ፍላሽ፣ የወዳጅ ፋይል፣ የነጻ ክራክ። የኅዳር በሽታዋ እናት እንዳሉት፣ ጭሱ አይደለም የሚያድነው።

እንግዲህ ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። «የትኛውን አንቲቫይረስ?» ላለው የመለስኩለትን ለእናንተም፦

1. መጀመሪያ አትደንግጡ፣ ፎርማትም አታድርጉ። ኢንተርኔቱን ንቀሉ። የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ አብሩና ፋይላችሁ እዚያው እንዳለ እዩ። ሾርትከቱን አትክፈቱት። ፎቶና ጽሑፋችሁን ብቻ ወደ ሌላ ዲስክ አውጡ፤ ፕሮግራም አታውጡ።

2. ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ዲፌንደር አብሮ ይመጣል። ለቤት ሰው በቂ ነው። በውስጡ «ኦፍላይን ስካን» የሚል አለ፤ ዊንዶውስ ሳይነሣ፣ ቫይረሱ ሳይነቃ ይፈትሻል። ጥርጣሬ ከቀራችሁ ነጻውን ማልዌርባይትስ ጭናችሁ አንድ ጊዜ ደግሙት።

3. ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ላይ ሁልጊዜ እንዲሠራ አታድርጉ። ሁለት ዘበኛ እርስ በርሱ ሲጣላ ሌባው ያልፋል፣ ኮምፒውተሩም ይንቀራፈፋል።

4. «ነጻ ነው» ሲባል ማን እንደሚከፍል ጠይቁ። አቫስት የደንበኞቹን የድረ ገጽ ጉብኝት መረጃ ሸጧል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ ንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ካስፐርስኪ ደግሞ በዚያው ዓመት በአሜሪካ እንዳይሸጥ ታግዷል፤ ምክንያቱ የአገርና የአገር ጠብ ነው። ዘበኛ ስትቀጥሩ የማን ሰው እንደሆነ ማወቅ መብታችሁ ነው።

5. ክራክ አንቲቫይረስ ከመጫን ምንም አለመጫን ይሻላል። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ዝማኔው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ኮምፒውተራችሁ 11ን ከተሸከመ አሻግሩት።

6. ካጸዳችሁ በኋላ የይለፍ ቃላችሁን ከሌላ ንጹሕ ስልክ ቀይሩ። የባንኩንና የቴሌግራሙን አስቀድሙ።

7. ከሁሉም በላይ ግልባጭ! አንድ ዲስክ ገዝታችሁ በወር አንድ ቀን ገልብጡና ንቀላችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። ኅዳር 12 ቤታችሁን ስታጥኑ ይህንንም አስታውሱ።

አደራ፣ ሠሪዎቹን እየተሳደብኩ አይደለም። ዛሬም ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ሞተ የተባለ ዲስክ ነፍስ ዘርተው የሚመልሱ ጎበዝ ልጆች ታገኛላችሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። የታሪክ መምህር ሆኜ፣ ምንጭ በአንድ ቅጂ ብቻ አይቀመጥም እያልኩ ሌላውን ሳስተምር፣ አስራ አንድ ሰው በአንድ ድራይቭ ላይ አስቀመጥኩ። ሲያስፈራሩኝም «እስቲ ቆይ፣ ሌላ ሰው ልጠይቅ» ለማለት አንድ ቀን አልታገሥኩም። በአባ መላ ድልድይ ላይ እየተመላለስኩ መላ ጠፋኝ።

የተማሪዬስ? ማታ በስልክ አብረን ሠራነው። የተደበቁትን አሳይ የሚለውን ሲነካ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ቲቸር... አሉ!» አለኝ። የመጀመሪያዋ ልጁ ክርስትና ፎቶ ነበር ቀድሞ የወጣው። እኔም ከአስራ አንዱ ከቀሩት አራት ሰዎች የሁለቱን ድምፅ እንደገና ቀድቻለሁ፤ አሁን በሦስት ቦታ ተቀምጧል። አንዱ አዛውንት «ይሄን ባለፈው ነግሬህ አልነበር?» ሲሉኝ «ነግረውኝ ነበር አባቴ፣ ጠፋብኝ» አልኳቸው። «እንግዲያው ደግሞ ስማ» ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ።

እናንተም ቤታችሁ ያሉትን አዛውንቶች ዛሬውኑ ቅዱ። ከዚያ ገልብጡ። የፍላሽ ዘመን ትዝታ ያላችሁ ደግሞ ከታች ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።

ቸር ያሰማን።